መሃል ያለው ጉብታ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ እዚህ ማንኪራ፣ ቀፎ የምንጠብቅባት ድንጋይ ላይ የቆመ ሰው ማዶ የአማቴን ቤት ያይ ነበር። ያኔ ገና አማቴ አልሆነም፣ ባዳ ነው፣ እና ልጅቱ አባቷ ቦንጋ ገበያ የሄደ ቀን ነጭ ጋቢ አጥሩ ላይ ታሰጣለች፣ ታዲያ እኔ ቀፎ እጠብቃለሁ እያልኩ የምጠብቀው ጋቢውን ነበር። ምን ያስቃችኋል? አገባኋት አይደለም እንዴ!

አሁን እዚያው ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አርፋለች። ታዲያ ከቀብሯ ወዲህ ድንጋይዋ ላይ ወጥቼ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ አያለሁ፣ እና እመለሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ተብሎ ይነገራል? ታዲያ ዘንድሮ ክረምቱ እንዳለፈ ብወጣ ቆርቆሮው የለም። መሃል ያለው ጉብታ ጋርዶታል። ዛፍ ነው እንዳትሉኝ፣ ሳር ብቻ ነው፣ ሳሩንም ከብት ግጦታል። ሦስት ቀን ወጣሁ፣ ሦስቱንም ቀን የለም።

ጨነቀኝና ልጄን አበበችን ጠየቅኳት፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ መሬት ነው የምትማረው።

“መሬት ያድጋል ወይ?” አልኳት።

እኔ አባቷ ጠይቄያት አላውቅም፣ ታዲያ ደስ ብሏት ይህ ደጋችን ከሥር እየተገፋ ቀስ እያለ ከፍ ማለቱን፣ ዛሬም አለመቆሙን፣ ግን የሰው ዕድሜ እንደማያየው ነገረችኝ፣ ሊጥ ኩፍ ሲል እንደሚነሳው በእጇ እያሳየች፣ እንዲህ፣ እንዲህ።

“በቃ፣” አልኩ፣ “ጉብታው አድጎ እናትሽን ጋረደብኝ።”

ነጠላዋን አነሳች። ከዚያ አብራኝ ሄደች፣ ድንጋይዋ ላይ ቆመች።

“አባዬ፣ ይታያል እኮ።”

“ለእኔ አይታይም።”

ወገቤን አየች። ጎብጠሃል አላለችኝም፣ ብትለኝ እቆጣ ነበር፣ ታውቁኛላችሁ።

“መሬት ሲነሳ ጉብታው ብቻውን አይነሳም፣ አባዬ፣” አለች። “አንተ የቆምክበትም፣ እማዬ ያለችበትም አብሮ ነው የሚነሳው።”

“ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው?” አልኳት፣ እያወቅኩት።

ከታች ወዳለው ወንዝ ወረደች። ከወንዙ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ እያንከባለለች አመጣች፣ ድንጋይዋ ላይ ደረበችና እጄን ይዛ አወጣችኝ። ቆርቆሮው ማዶ ብልጭ አለ። እስኪበቃኝ አየሁ፣ እሷም ፊቷን አዙራ ጠበቀችኝ።

ታዲያ እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ ጉብታው አድጓል እላለሁ፣ እሷም አጠገቤ ሆና፣ ያን ሁሉ ተምራ፣ “አዎ፣ አድጓል” ትላለች። ሳቁ እንጂ፣ ዛሬ ፈቅጃለሁ።