ከግድግዳው ማዶ

ውጫሌ የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። ባጃጃችን ወደ ገበያ ከሚነዱ ከብቶች ኋላ ስትቆም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት የከብት ክትባት የያዘ ሣጥኗን አቅፋ ሳቀች። ሱረያ ትባላለች፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። አገር ለማየት ብቻ መምጣቴን ስነግራት «እንግዲያስ አንድ ቤት ላሳይዎት» አለችኝ።

ቤቱ ከከተማዋ ዳር ነው። ባለቤቱ አባ ሙዘይን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሚስታቸው አርፈዋል፣ አንዲቷ ልጃቸው ረቢያ ለሥራ ጅዳ ናት። ከአልጋቸው ግርጌ ግን አንዲት ዳለቻ ላም ታስራለች።

«አባባ፣ ዛሬም አላወጧትም?»

«ወዴት ላውጣት? ቀበሌው ቤት ሰጣት እንዴ?»

«ሳልዎ ብሶበታል እኮ። ከከብት ጋር በአንድ ጣሪያ ማደር በሽታ ያመጣል።»

«ሬዲዮው ነግሮኛል። ለጎረቤት የማስረዳውም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ከጓሮ በረት እንሥራላታ!»

«ጅቡስ?»

«ጠንካራ መዝጊያ ይኖረዋል።»

«ሌባውስ?»

«ቁልፍ እናበጅለታለን።»

«እኔስ?»

ሱረያ አልገባትም። «አንቱ ምን ይሆናሉ?»

ሽማግሌው ሳላቸውን ጨርሰው መሬት መሬት አዩ። «ረቢያ ከሄደች ወዲህ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ይቺ ላም ብቻ ናት። ምን እየሰማሁ ልተኛ?»

እኛ የተማርን ሰዎች፣ ሰው ስላላወቀ ነው ብለን እናስተምራለን። አውቆ የተወውን ለምን እንደተወው መጠየቅ እንረሳለን። ሱረያ ተነሥታ የራስጌውን ግድግዳ በጣቷ አንኳኳች።

«በረቱን ከዚህ ግድግዳ ጋር እናስጠጋው። ገንዳዋ በራስጌዎ ማዶ ይሁን፤ አንገቷ ላይ ቃጭል እናስርላታለን። ባመነዠከች ቁጥር ይሰማዎታል።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ! አብሽሩ፣ አባባ።»

ላሟን ዳበስ አድርገው፣ «ኢንሻአላህ፣ እንሞክረው» አሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ ሄድኩ። ላሟ ትታሰርበት የነበረው ቦታ ተለስኖ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ወተቱ ጉድፍ የለውም፤ ከበረቱ የሚወጣው ፍግ ማሳውን አልምቶታል። ሳሉም ለቋቸዋል። ረቢያ ስትደውል ቃጭሉን እንድትሰማ ስልኩን ወደ ግድግዳው ያስጠጉላታል።

«እንቅልፍስ?» አልኳቸው።

«እኔስ ተኛሁ፤ እሷ ናት የተቸገረችው። ሳሌ ሲጠፋባት ጊዜ ግድግዳውን በቀንዷ ትነካካለች። ‹አለሁ› እላታለሁ፤ ያን ጊዜ ትተኛለች።»