የረድኤት ማር

ኮምቦልቻ፤ ከሰዓት በኋላ። ጡረተኛው አቶ አረጋና ከቤሩት ከተመለሰች ሳምንት ያልሞላት ልጃቸው ወይንሸት፣ ውስጥ የተኛችው የአራት ዓመቷ ሕፃን ረድኤት እንዳትነቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በረንዳ ላይ ይከራከራሉ።

አረጋ፦ አላጠባም ብያለሁ። ስንቴ ልበል?

ወይንሸት፦ አባዬ፣ አንድ ጣት ማር እኮ ነው የጠየቅኩዎት።

አረጋ፦ አንድ ጣት ማር! እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት አውራ ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ ካጠባኋት ልጄ ሆነች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

ወይንሸት፦ እኔስ የጠየቅኩዎት ለምን ሆነና?

አረጋ፦ ራስሽ አታጠቢያትም?

ወይንሸት፦ ቤቱ የማን ነው? አባወራው ሳያጠባት እኔ ባጠባት ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ነገ አንድ ነገር ብሆን ወንድሞቼ አውጥተው ይጥሏታል።

አረጋ፦ ሰፈሩ የሚለውን ሰምተሻል? ወይንሸት ከአረብ አገር ዲቃላ ይዛ መጣች ነው የሚለው።

ወይንሸት፦ ይበላ። የሰው አፍ አልሰፋ።

አረጋ፦ ምነው በሆነና! የልጅ ልጄ ናት ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼም ቢሆን አሳድግ ነበር። የማናውቀው ሰው ልጅ፣ ያውም በሽተኛ…

ወይንሸት፦ በሽተኛ አይደለችም። ዳውን ሲንድረም ነው ያለኝ ሐኪሙ። ዘግይታ ትራመዳለች፣ ዘግይታ ታወራለች፣ በቃ። ደግሞ የማናውቀው ሰው ማለት ምንድን ነው? ቤሩት እኔና እናቷ መስታወት አንድ ፍራሽ ላይ ነው የኖርነው። መስታወት ስትሞት ልጅቷ እኔ እቅፍ ውስጥ ነበረች።

አረጋ፦ ነፍሷን ይማረው። ዘመድ የላትም እንዴ?

ወይንሸት፦ ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ወልድያ ወስጄ አሳየኋቸው። አያትየዋ ትክ ብላ አየቻትና «ይቺ የእኛ ዘር አይደለችም» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

አረጋ፦ ታዲያ እኔ ከገዛ አያቷ ልብለጥ?

ወይንሸት፦ ይብለጡ! ምን ይጎድልብዎታል?

አረጋ፦ ደሴ ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ ቦታ አለኝ ብሏል። ነገ ጠዋት መጥተው ይወስዷታል። ደህና ሰዎች ናቸው አሉ።

ወይንሸት፦ ሄደው አይተውታል?

አረጋ፦ አላየሁም።

ወይንሸት፦ እኔ አይቻለሁ። ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ደህና ናቸው። ረድኤት ግን ቶሎ አትውጥም፤ የጎረሰችውን ይዛ ትቀመጣለች። ለዚያ ሁሉ ልጅ ሁለት ሴቶች ናቸው ያሉት። ማን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል?

አረጋ፦ እዚህስ ማን ይጠብቃታል? አንቺ ፋብሪካ ልትገቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር የምውለው እኔ ነኝ። ይሄን ለምን አትናገሪውም?

ወይንሸት፦ …አዎ። እርስዎ ነዎት።

አረጋ፦ እንዲያ በይ። እናትሽ አልጋ ላይ ስትወድቅ ማን አገላበጣት? ማን አጎረሳት? አንቺ በስልክ «አይዞሽ እማዬ» ትያለሽ፣ እኔ ማንኪያ ይዤ አፍ አፏን አያለሁ። ከቀብሯ እንደተመለስኩ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለቀስተኛ ተቀምጦ ተኛሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ደክሞኛል፣ ልጄ። ሰው አይደለሁ?

ወይንሸት፦ አውቃለሁ።

አረጋ፦ አታውቂም።

ወይንሸት፦ እሺ፣ አላውቅም። እኔም ደክሞኛል። የሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ፣ አገሬ ገባሁ ስል ይቺን አዝዬ ከበር በር… ከዚህ በላይ አልለምንዎትም። ማታ ልብሷን አዘጋጃለሁ። እርስዎም ይረፉ።

አረጋ፦ ተቆጣሽ?

ወይንሸት፦ ለቁጣ የሚሆን አቅም የት አለኝ?

አረጋ፦ …ቅድም ገንፎ ስታበያት አይቼሻለሁ። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ታጋድሚዋለሽ።

ወይንሸት፦ እና?

አረጋ፦ ያንቃታላ! አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ ታደርጊና ማንኪያውን ምላሷ ላይ ጫን ታደርጊዋለሽ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እናትሽን እንደዚያ ነበር የማበላት።

ወይንሸት፦ ማን አሳየኝና?

አረጋ፦ የደሴዎቹስ ያውቁታል?

ወይንሸት፦ እንጃ። ነገ ሲመጡ ይንገሯቸው።

አረጋ፦ ለስንቱ ተነግሮ ይዘለቃል… ስሚ፣ ያ ያለን ማር የረጋ ነው፤ እንዲሁ አይወርድላትም። ለእሑድ ለብ ባለ ውሃ ለቀቅ አድርጊልኝ።