ሸህ ዘይኑልአቢዲን ከጅጌ የቀሩበት ቀን

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ሐይቅ ዳር በሚገኝ አንድ ገበሬ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ጠዋት ወደ ማስተማሪያው ዳስ ስወርድ ኑርሀያትን ሸህ ዘይኑልአቢዲን ፊት ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ሸሁ መንደርተኛው ተሰባስቦ የአንዱን እርሻ የሚያርምበትን ጅጌ ይመራሉ፤ ደግ ናቸው፣ በደንብ ነገር ግን ድርቅ ይላሉ። ደንባቸው ለሰው ጅጌ ላልወጣ፣ ጅጌ አይወጣለትም የሚል ነው። የኑርሀያት ባል ዘምቷል፤ እሷም ሽባ የሆኑትን አባቷን ሀምዱን ስታስታምም ከሦስት ጅጌ ቀርታለች። ማሽላዋን አረም ሊውጠው ነው።

አላስችል አለኝ። «ሸህ፣ ማስታመምስ ሥራ አይደለም?» አልኋቸው።

«ሥራማ ላብ አለው፣ የኔ ልጅ። ማስታመም የልጅ ወግ ነው፤ አጅሩም፣ ዋጋውም፣ ከአላህ ነው።»

«አጅሩስ ከአላህ ይሁን፤ አረሙን ማን ይንቀልላት?»

ብዙ ተከራከርን። የሚያስታምም ባይኖር የሚያርስም እንደማይኖር አስረዳሁ፤ እውነቱን ለመናገር አነጋገሬ የደብተር ነበር፣ አልገባቸውም። ነገሩን የቋጨችው ኑርሀያት ናት።

«እንግዲያው ነገ እኔ ጅጌ ልውጣ፤ አንቱ አባቴ ዘንድ ይዋሉልኝ። አብሮ አደግዎ አይደሉ?»

ሸሁ እምቢ ማለት አፈሩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብሄድ ወገባቸውን ይዘው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሀምዱን ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡ፣ አጥሚት በማንኪያ ሲያጎርሱ ውለው የቀትሩን ሶላት ዙሁርን እንኳ አዘግይተው ነው የሰገዱት። አሳዘኑኝ።

«እንዲህ ያለ አረም አይቼ አላውቅም» አሉኝ፤ «ነቅለኸው ዘወር ስትል ይበቅላል።»

«ዛሬ ከጅጌ ቀርተዋል፣ ሸህ። በደንቡ ለእርስዎም ማሽላ ጅጌ አይወጣም ማለት ነው?»

«ደንቡን ያወጣሁት ቤት ውዬ ስለማላውቅ ነው» አሉ።

ዓርብ ዕለት መንደሩን ሰብስበው በሽተኛ ያስታመመ ጅጌ እንደወጣ ይቆጠር፣ ማስታመሙም በተራ ይሁን አሉ። ክርስቲያኑ ጎረቤቷ ጥሩሰው የማርያምን ስም ጠርቶ አንዱን ተራ ወሰደ። የኑርሀያት ማሽላ ታረመ፤ እሷም ፊደል መቁጠር ጀመረች። ሀምዱም በየጊዜው የሚያገላብጣቸው ሰው ስላገኙ የጀርባቸው ቁስል ደረቀ። ሸክሙ ለሁሉም ሲዳረስ ማንንም አልጎዳም።

የሰኞን ተራ ግን ሸሁ ለማንም አልሰጡም። ሰኞ ሸህ ዘይኑልአቢዲንን የፈለገ ሰው እርሻ አይሄድም፤ ሀምዱ ቤት ነው የሚያገኛቸው።