የዝናብ መዝጋቢዋ ስም

ሰውየው ጡረታ ከወጡ አሥራ ስምንት ዓመት የሆናቸው የጋዜጣ አርታኢ ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርቶን ታቅፈው አሮጌ ወረቀት ወደሚሰበስበው ሰው ሲሄዱ ዝናብ ያዛቸውና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ተጠለሉ። ካርቶኑ ግን አስቀድሞ ረጥቦ ኖሮ ታችኛው ተቀደደና የያዘው ደብተር ሁሉ ደረጃው ላይ ተዘረገፈ። ከምሳ የምትመለስ አንዲት ወጣት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አይታቸው ሮጣ መጣች። ደብተሮቹን በሹራቧ እየጠረገች ሰበሰበችና እሳቸውንም «ይግቡ አባባ፣ ብርድ ይመታዎታል» ብላ ወደ ንባብ ክፍሉ አስገባቻቸው።

ደብተሮቹ ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ ለየዓመቱ አንድ። ልጅቷ እንዲደርቁ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋቸው ዓይኗ ጽሑፉ ላይ ዐረፈ። በየመስመሩ ቀኑ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚል ምልክት፣ የዝናቡ መጠን በሚሊ ሜትር፣ አልፎ አልፎም አጭር ማስታወሻ ተጽፏል፤ «ነፋሱ ከምሥራቅ ነው»፣ «ወንዙ ደፍርሷል»፣ «ትኩሳት አለኝ፤ ለክቻለሁ»። የተዘለለ ቀን አላገኘችም። የማን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው።

«የእኅቴ ናቸው» አሉ። «ከሞተች ሦስት ወሯ ነው። ክፍሏን ላከራየው ስለሆነ ዕቃ እያወጣሁ ነው።»

ይህችን እኅት እሳቸው ይጠሯት እንደነበረው እኛም እትዬ እንበላት። በስድስት ዓመት ትበልጣቸው ነበር። እናታቸው ቀደም ብላ ስለሞተች ፊደል ያስቆጠረቻቸውም፣ ሲታመሙ ራሳቸውን ደግፋ መድኃኒት ያጠጣቻቸውም እሷ ናት። ኋላ በአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፤ ሥራዋም በየጠዋቱ ግቢው ሣር ላይ የቆመውን የዝናብ መለኪያ አይቶ መመዝገብ ነበር። ትዳር አልያዘችም። ጡረታ ስትወጣ ከወንድሟ ቤት ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ገባች፤ እዚያው ኖራ እዚያው አረፈች።

ልጅቷ ደብተሮቹን ስታገላብጥ ከሠላሳ ዓመት በፊት በከተማዋ ታላቁ ጎርፍ የደረሰበት ዓመት ላይ ቆመች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር እዚያው ክፍል ተሰብስባ፣ በኢንተርኔት ላይ ማንም ሊያነበውና ሊጽፍበት በሚችለው የዕውቀት መዝገብ ሥራቸው የተረሳ ሴቶችን ታሪክ በበጎ ፈቃድ እንደምትጽፍ ነገረቻቸው። ስለ ጎርፉ የተጻፈውንም ታውቀው ነበርና ኮምፒዩተሩን ወደ እሳቸው አዞረችው። ጽሑፉ ረጅም ነው። የወንዙ ከፍታ፣ የፈረሰው ድልድይ፣ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስም ሁለት ጊዜ፣ የከንቲባው ሦስት ጊዜ አለበት። ስለ ማስጠንቀቂያው ግን «አንዲት ሴት ሠራተኛ በሰጠችው ጥቆማ» ከሚል በቀር የለም። ለዚህ የተጠቀሰው ማስረጃ አዛውንቱ ያዘጋጁት የነበረው ጋዜጣ ነው።

«እኅትዎ ይሆኑ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብትሆንስ ምን ይጠቅማል ልጄ? እትዬ ስሜ ይነሳልኝ የምትል ሰው አልነበረችም። ጨዋ ሴት ሥራዋን ሠርታ ቤቷ ትገባለች። ደግሞ ይህ ነገር ማንም እየተነሳ የሚሞነጭርበት ነው ሲሉ እሰማለሁ።»

«ማንም መጻፍ ስለሚችል ነው አባባ፣ ማስረጃ የሚጠየቀው። ምንጭ የሌለው ዓረፍተ ነገር ውሎ አያድርም፤ ሌላው ያነሳዋል። ጨዋነቱን ላሉት ግን፣ የኃላፊው ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። እሳቸውን ጨዋ አይደሉም ያላቸው አለ?»

አዛውንቱ ግን የተረሱት ሴቶች ብቻ እንዳልሆኑ፣ በጎርፉ ቀን ከወንዙ ዳር ሰው ያመላለሰው ሾፌርም ስሙ እንዳልተነሳ ተናገሩ። ልጅቷ አልተከራከረችም። እውነት መሆኑን ተቀብላ፣ የሾፌሩንም ስም ቢሰጧት እንደምትፈልግለት ነገረቻቸው። ነገር ግን በዚያ መዝገብ የሕይወት ታሪካቸው ከተጻፈ አምስት ሰዎች ሴቷ አንድ ገደማ ብቻ መሆኗን አስረዳቻቸው። «ሴቶቹ ስላልሠሩ ነው እንዳንል ደብተሮቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ክርክሩን በቀጠለ ነበር። አዛውንቱ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ናቸው፤ ትክክለኛ ነገር ሲሰሙ ማወቅ አይሳናቸውም። የቸገራቸው ሌላ ነገር ነበር። ልጅቷም ሳታስበው እሱኑ ነካችው፤ ወሬውን የጻፈው የጋዜጣው ዘጋቢ የሴትዮዋን ስም ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች።

«ያውቃል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከነአባቷ ጽፎ ነበር ያመጣልኝ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተረኩላት። ሦስት ቀን በተከታታይ የጣለውን ዝናብ ስትደምር እትዬ ወንዙ ከዳር ሞልቶ እንደሚወጣ ተረዳች። ኃላፊው ዕረፍት ላይ ስለነበሩ በዝናብ እየተመታች ቤታቸው ድረስ በእግሯ ሄደች። ነገ እናየዋለን ብለው ሲመልሷት ከደጃቸው አልነሳም አለች፤ ስልክ እስኪደውሉ ድረስ ደብተሯን በደረቷ ይዛ ቆመች። በወንዙ ዳር ያለው ሰፈር ሕዝብ ገና በቀን ብርሃን እንዲወጣ የተደረገው በዚህ ነው። ውሃው ሲመጣ ቤቶቹን ባዶ አገኛቸው።

«የአባቷ ስም የእኔም የአባቴ ስም ነው» አሉ አዛውንቱ። «ጋዜጣውን ይዞ የእኅቱን ገድል ያትማል እንዳልባል ፈራሁ። ስሟን ሰርዤ ‹አንዲት ሴት ሠራተኛ› ብዬ ጻፍኩበት። የወንድሜ ገድል ቢሆን ኖሮ እሰርዘው እንደነበረ አላውቅም።»

«እኅትዎስ ምን አሉ?»

«አንብባ አጠፈችው። ‹የወንዙን ከፍታ በትክክል ጽፋችኋል› አለችኝ። ሌላ ነገር ከአፏ አልወጣም። እኔም ደስ ብሏታል ብዬ ለሠላሳ ዓመት ራሴን አታለልኩ።»

ወንበራቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳቡና ስለ እትዬ እዚያው ራሳቸው ሊጽፉ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ልጅቷ ይህን መመለስ ከበዳት። የሥጋ ዘመድ ስለ ዘመዱ እንዲጽፍ እንደማይበረታታ፣ ትዝታም በእጅ የተጻፈ ደብተርም እንደ ታተመ ማስረጃ እንደማይቆጠር በትሕትና አስረዳቻቸው።

«ታዲያ ያ ጋዜጣ ነበር መውጫዋ» አሉ። «በገዛ እጄ ዘግቼባታለሁ ማለት ነው።»

ቤታቸው እንደደረሱ ካርቶኑን ለመጣል መውጣታቸው ራሱ አሳፈራቸው። በማግስቱ ግን ልጅቷ ደወለች። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ያሳትመው የነበረ ዘገባ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ተደርድሮ እንዳለ፣ ያንን ቢፈትሹ እንደሚሻል ነገረቻቸው። ሦስት ቅዳሜ አብረው አቧራ ሲያራግፉ ዋሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ገጽ አርባ ሰባት ላይ፣ አንድ ተቆጣጣሪ የማስጠንቀቂያውን ታሪክ ሲጽፍ የመዝጋቢዋን ሙሉ ስም አስፍሮ አገኙ። በኋላም የወንዙን ጠባይ ያጠና የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ መዝገቧን በስሟ ጠቅሶ ተገኘ። አዛውንቱ ገጹን በጣታቸው እንደያዙ አለቀሱ፤ ልጅቷም ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ቆየች።

ጽሑፉን እሷና ሁለት ጓደኞቿ ጻፉት። አንድ የማያውቁት የመዝገቡ ጸሐፊ በቂ ዝና የላትም፣ ጽሑፉ ይሰረዝ ብሎ ሐሳብ አቀረበና በመዝገቡ ላይ ክርክር ተነሳ። አዛውንቱ ሰባት ቀን ሙሉ እየመጡ ክርክሩን አነበቡ፤ የእጃቸው ሥራ በሌላ ሰው እጅ ሊደገም መስሏቸው እንቅልፍ አጡ። በስምንተኛው ቀን ማስረጃው በቂ ነው ተብሎ ጸደቀ። የጎርፉም ታሪክ ታረመ። ቤታቸው ሲገቡ በደስታ ወደ ጓሮው አመሩና የክፍሏን በር ለማንኳኳት እጃቸውን ሲያነሱ ባዶ መሆኑ ትዝ አላቸው። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

የሥራው ጥቅም እያደር ታየ። ደብተሮቹ ፎቶ ተነስተው የአየር ጠባይ ተማሪዎች የሚገለገሉባቸው ሆኑ። ከወንዙ ዳር ሰፈር አንዲት እናት ደውላ፣ ያን ቀን በእቅፍ የወጣችው ልጇ ዛሬ መሐንዲስ እንደሆነችና ማን እንዳዳናት ያወቀችው ገና አሁን እንደሆነ ነገረቻቸው። ስም በትክክል ሲጻፍ ምስጋና የሚደርስበት አድራሻ ያገኛል፤ የምታድግ ልጅም ከፊቷ የሄደች ሴት እንዳለች ታያለች። አዛውንቱም ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አይቀሩም። የድሮ ጋዜጦቻቸውን እያገላበጡ ‹አንዲት መምህርት›፣ ‹አንዲት ነርስ› ብለው ያለፏቸውን ሁሉ ይለቅማሉ፤ የሚያስታውሷቸውን ስሞች ከነገጻቸው በዝርዝር እየያዙ ማስረጃ ይፈለግላቸው ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ በዚሁ መንገድ የተገኘች አንዲት ሟች ሐኪም ላይ ልትጀምር ስትል አዛውንቱ እጇን ያዝ አደረጓት።

«የሞቱትን ለእኔ ተዪልኝ ልጄ» አሏት። «አንቺ በሕይወት ካሉት ጀምሪ። እነሱ ገና ማንበብ ይችላሉ።»