ተናካሹ በቀቀን

ሳቢያን ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት፣ እንደ አክስት ቆጥረን ኤዶ የምንላቸው ኤዶ ሀሊማ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ጅጅጋ ሲሄዱ፣ ለዓመታት ያሳደጉትን በቀቀን ለእኛ ሰጡን። እሳቸው ትከሻ ላይ የሚውለው ወፍ እኛ ቤት ሲገባ ተናካሽ ሆነ። ውሃ ልቀይርለት እጄን ወደ ሽቦ ቤቱ ባስገባሁ ቁጥር ይነክሰኛል። የባለቤቴን ጣት ያደማው ዕለት፣ ባለቤቴ «በቃ፣ ለሌላ ሰው እንስጠው» አለኝ። ጨነቀኝና ኤዶ ጋ ደወልኩ።

«አቦ፣ እጅሽን አስገባሽበት እንዴ?» አሉኝ። «ሰፈሩን አጥቷል፣ እኔንም አጥቷል። የእኔ የሚለው ያንን ሽቦ ቤት ብቻ ነው። በሩን ክፈቺለትና አጠገቡ ተቀመጪ። ራሱ ይምጣ።»

እንዳሉኝ በየቀኑ በሩን ከፍቼ ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ እቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ጥግ ይዞ ይጮኽብኝ ነበር፤ እኔም ኦቾሎኒዬን መፈልፈሌን እቀጥላለሁ። ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ወጣና ጠረጴዛው ላይ እየተንጎራደደ መጥቶ፣ አንዷን ፍሬ ከመዳፌ ላይ ቀስ ብሎ አነሳት። ቆዳዬን እንኳ አልነካኝም። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ሳልንቀሳቀስ ቀረሁ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። በእርጋታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «እስቲ ለእኔም ጥቂት ፍሬ ስጪኝ» አለኝ።