ከቀበቶ ሥር የተሸሸገችው ቁስል

አቶ ዓባይነህ በስደት በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ካለው አፓርትመንታቸው ሊወርዱ ኤሌቬተር ሲገቡ ጎረቤታቸውን ነርስ ናዝራዊትን ፊት ለፊት አገኟት። በነሐሴ ሙቀት ካፖርት ደርበው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ምነው በደረጃው በወረድኩ አሉ በልባቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?»

«ጉንፋን ነው ልጄ። ኧርጀንት ኬር የሚሉት ክሊኒክ ሄጄ ፍሉ ነው አሉኝ።»

«ህንድ ደርሰው መምጣትዎን ነግረዋቸዋል?»

አልነገሩም። ከማኅበራቸው ጋር የኬረላን አብያተ ክርስቲያናት ተሳልመው ከተመለሱ ገና አሥር ቀናቸው ነው። ያልተናገሩት ሌላም ነገር ነበር፤ ከቀበቷቸው በታች የወጣች፣ ሕመም የሌላት፣ ጥቁር ቅርፊት ያላት ቁስል። ሐኪሙ ፊት ያስተረጎመችላቸው የጓደኛቸው የአቶ ፍቅረማርያም ልጅ ሔራን ነበረቻ! ጉልበታቸውን ስማ ላደገች ልጅ «ብሽሽቴ ላይ ቁስል አለ በዪልኝ» ይባላል?

ወርደው መግቢያው ሎቢ ውስጥ አረፍ እንዳሉ ናዝራዊት ጠየቀቻቸው። «ሰውነትዎ ላይ ጥቁር ቁስል ወጥቷል? አላየውም፤ አለ ወይም የለም ይበሉኝ ብቻ።»

«አለ» አሉ ወለሉን እያዩ።

«የቁጥቋጦ ተስቦ ሊሆን ይችላል።»

«ተስቦ! እኔ ቅማላም ነኝ? በልጅነቴ ተስቦ የገባበት ቤት ልብሱ ይቀቀላል፣ ቤተሰቡ ጠጉሩን ይላጫል፣ ሰፈሩ ይጠቋቆምበታል። በስተርጅና ይህን ስም ልሸከም?»

«ያኛው በቅማል ነው፣ ጋሼ። ይሄኛው ሣር ውስጥ ካለች፣ ከቅንቅን ከምታንስ ተባይ ነው። ንጉሥም ሣር ላይ ቢቀመጥ ትነክሰዋለች። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።»

«ጠበል እየጠጣሁ ነው እኮ።»

«ይጠጡ። ጠበሉ ኪኒን አትዋጥ አላለም። ዶክሲሳይክሊን ቶሎ ከተጀመረ ትኩሳቱ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። ከዘገየ ግን ሳንባ፣ ኩላሊት፣ አንጎል ድረስ ገብቶ ይገድላል። ሐኪሙ እዚህ አገር አይቶት የማያውቀውን በሽታ እርስዎ ካልነገሩት ከየት ያምጣው?»

አቶ ዓባይነህ በእድር ስብሰባ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ሲመክሩ የሚያህላቸው አልነበረም። ምክሩ ለሌላው ነበር እንጂ።

«አብረውዎት ከሄዱት የታመመ አለ?» አለች ናዝራዊት።

አንገታቸውን ደፉ። አብሯቸው የተጓዘው ፍቅረማርያም በጎረቤት ከተማ በአሌክሳንድሪያ ቤቱ ከተኛ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሔራን ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው «የዓባይነህ ፍሉ ከሆነ የእኔም ፍሉ ነው» ብሎ እምቢ ብሏታል።

«ገደልኩት» አሉ። ወዲያው ሔራን ጋ ደወሉ። «አባትሽን አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ውሰጂው። ህንድ ነበር በያቸው። ብብቱንም ብሽሽቱንም ይዩለት፣ ጥቁር ቅርፊት አይጠፋም። እኔም አለኝ፤ አፍሬሽ ነው ያልነገርኩሽ።»

እሳቸውንም ናዝራዊት በመኪናዋ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። መድኃኒቱን በጀመሩ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። አቶ ፍቅረማርያም ግን ሳንባቸው ተነክቶ ስለነበር ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተንፍሰው ነው የተረፉት።

ከወር በኋላ ማኅበሩ አሌክሳንድሪያ ሲሰበሰብ አቶ ዓባይነህ ተነሡ። ሴቶቹ ባሉበት፣ ቁስሏ የት እንደነበረች ሳይቀር ተናገሩ። «ከጉዞ መልስ ትኩሳት ቢይዛችሁ የት እንደነበራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰውነታችሁን ፈትሹ፤ ቁስል ባታገኙም ሂዱ። የወዳጅ ልጅ አታስተርጉሙ፣ ሐኪም ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ። ቶሎ የተነገረ በኪኒን ይድናል፤ የተደበቀ ግን ወዳጅን ጨምሮ ይወስዳል።»

ቤቱ አጨበጨበ። አቶ ፍቅረማርያም ብቻ አላጨበጨቡም።

«ዓባይነህ፣ ቁስሏን መቼ ነበር ያየሃት?»

«ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት።»

አቶ ፍቅረማርያም «ያኔ ብትናገር የእኔም በኪኒን ይድን ነበር» አሉና ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡላቸው። አቶ ዓባይነህ ግን ለመቀመጥ አፈሩ።