አንድ አገልግል

(እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር፤ ልጆች የሳምንት ስንቃቸውን ይዘው ከተማ ወደተከራዩት ክፍል የሚመለሱበት ሰዓት ደርሷል፤ አቶ ቢያድግልኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ትርንጎን ለነገው የኢኮኖሚክስ ፈተና መጽሐፍ ይዘው ይጠይቋታል።)

ትርንጎ፦ ዝለለው አልኩህ እኮ አባዬ! ሌላ ጠይቀኝ።

ቢያድግልኝ፦ ምን በወጣኝ እዘላለሁ? ነገ መምህሩንም ዝለለው ልትዪው ነው? "የአማራጭ ወጪ ምንድን ነው?"

ትርንጎ፦ እሱን አልመልስም።

ቢያድግልኝ፦ አይ ያንቺ ነገር! እሺ ይኼን። "የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ፈላጊው ምን ይሆናል?"

ትርንጎ፦ ይቀንሳል።

ቢያድግልኝ፦ ኧረ ወዲያ! ጤፍ ሲወደድ አይደል እንዴ ሰው እየተጋፋ የሚገዛው፣ "ነገ ደግሞ ይብሳል" እያለ?

ትርንጎ፦ ገበያውን ተወውና መጽሐፉን እይ።

ቢያድግልኝ፦ እውነትም "ይቀንሳል" ይላል። ይኼን የጻፈው ሰውዬ የኛን ገበያ አላየም።

ትርንጎ፦ አባዬ፣ በሩ ሥር የታሰረው አንድ አገልግል ብቻ ነው።

ቢያድግልኝ፦ ቀጣዩ ጥያቄ...

ትርንጎ፦ አባዬ!

ቢያድግልኝ፦ ሰማሁሽ። የይርጋ ነው።

ትርንጎ፦ የኔስ?

ቢያድግልኝ፦ በረዶው ማሳውን ሲያወድመው ቆመሽ አይተሻል። ጎተራው የሁለት ሰው ስንቅ አይወጣውም። ወንድምሽ አሥራ ሁለተኛ ነው፣ ዳር ደርሷል፤ አንቺ ትንሽ ብትቆዪ ይሻላል ብዬ...

ትርንጎ፦ ተካፍለን እንበላለን! ቁርስ ይቅርብኝ።

ቢያድግልኝ፦ እሱንም አስቤዋለሁ። ሁለታችሁም ተርባችሁ ብትወድቁ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ መቅረቴ ነው።

ትርንጎ፦ ከክፍሌ አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ እኮ!

ቢያድግልኝ፦ አውቃለሁ። ለሱ አይደል እንቅልፍ ያጣሁት!

ትርንጎ፦ ታዲያ ለማልፈተነው ፈተና ምን ብለህ ትጠይቀኛለህ?

ቢያድግልኝ፦ እሑድ ነዋ። እሑድ እሑድ እጠይቅሻለሁ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አፌ እንቢ አለኝ እኮ ልጄ።

ትርንጎ፦ ለከርሞስ?

ቢያድግልኝ፦ ዝናቡ ከሰጠን፣ መሬቱም ካበቀለ...

ትርንጎ፦ ላም አለኝ በሰማይ።

ቢያድግልኝ፦ በይ አታልቅሺብኝ።

ትርንጎ፦ አላለቀስኩም። ያችን የዘለልኳትን ጠይቀኝ።

ቢያድግልኝ፦ አሁንማ ይቅር። መጽሐፉን ልጠፈው።

ትርንጎ፦ ጠይቀኝ አልኩህ!

ቢያድግልኝ፦ እሺ... "የአማራጭ ወጪ ምንድን ነው?"

ትርንጎ፦ ከሁለት ነገር አንዱን ስትመርጥ፣ ያ የተውከው ነው።

ቢያድግልኝ፦ "በምሳሌ አስረጂ" ይላል።

ትርንጎ፦ አንድ አባት ሁለት ልጆች አሉት። የሚያስይዘው ግን አንድ አገልግል ነው። ለወንዱ አሰረለት፤ ሴቷ ቀረች። በል እንግዲህ አርመኝ።

ቢያድግልኝ፦ ልክ ነሽ፣ ልጄ። ምነው በተሳሳትሽ ኖሮ!